አዲሱ የፕሪዝም መነጽሬ ወለሉን ዳገት አድርጎ ያሳየኛል፤ ልታገሠው ወይስ ልመልሰው?

መምህርት ከደሴ | ጥቅምት 12፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መድረክ ላይ ስለ መነጽር ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ፕሪዝም (ምስልን ከቦታው ፈቀቅ አድርጎ ስለሚያሳየው ሌንስ) ግን ያገኘሁት አንድ አጭር ጥያቄ ብቻ ነው፤ እሱንም የመለሰለት ሰው የለም። ስለዚህ የእኔን ጉዳይ ከሥሩ ልጻፈው። ትንሽ ይረዝማል።

ዕድሜዬ 43 ነው፤ የሒሳብ መምህርት ነኝ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ማታ ማታ የተማሪዎች ፈተና ሳርም መስመሩ እየተደረበ ያስቸግረኝ ጀመር። ድካም ነው ብዬ ተውኩት። ቀጥሎ የትምህርት ቤቱን ደረጃ ስወርድ እርከኑ ሁለት ሆኖ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተነባብሮ ይታየኝ ጀመር፤ ግድግዳ ካልያዝኩ አልወርድም ነበር። ባለፈው የትንሣኤ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የያዝኳት ጧፍ ሁለት ነበልባል ነበራት፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ቀኝ ዓይኔን ስሸፍን የታችኛው ይጠፋል፤ ግራውን ስሸፍን የላይኛው ይጠፋል። በማግስቱ ቡና ስቀዳ ሲኒውን ስቼ ረከቦቱ ላይ አፈሰስኩት። እናቴ ደንግጣ «ዓይንሽን ምን ነካው?» ስትለኝ ነው ሐኪም ዘንድ ለመሄድ የቆረጥኩት።

አዲስ አበባ ሄጄ ታየሁ። ሐኪሙ አንዱን ዓይን እየሸፈነ ሌላውን እየገለጠ ደጋግሞ አየኝ። ከዚያ ቀኝ ዓይኔ ላይ ሽንትር ሽንትር ያለበት ቀይ መስታወት አድርጎ ትንሽ መብራት አበራልኝ። በቀኝ ዓይኔ የሚታየኝ ቀይ መስመር ነው፤ በግራው ደግሞ መብራቱ ራሱ። «መስመሩ መብራቱን ሰንጥቆ ያልፋል? ከላዩ ነው? ከታቹ ነው?» አለኝ። ከታቹ ነበር። ቀኝ ዓይኔ ከግራው በጥቂቱ ከፍ ብሎ እንደሚቆም፣ ይህም ምናልባት ከልጅነቴ ጀምሮ የነበረ የአንድ ጡንቻ ድካም እንደሆነ አስረዳኝ። የጭንቅላት ምርመራም ተደርጎልኝ ሌላ ሕመም አልተገኘም። «የድሮ ፎቶግራፎችሽን ይዘሽ ተመለሺ» አለኝ። የ8ኛ ክፍል የሚኒስትሪ ፈተና ፎቶዬን፣ የሠርጌን ፎቶ፣ የመታወቂያዬን ወሰድኩለት። በሁሉም ላይ ጭንቅላቴ ወደ ግራ ትከሻዬ ዘንበል ብሏል። በቤታችን አንድም ሰው ይህን ልብ ብሎ አያውቅም ነበር። ፎቶ አንሺው አገጬን ይዞ «ቀና በይ» ይለኝ እንደነበር ግን አሁን ትዝ አለኝ።

መነጽር ታዘዘልኝ። የርቀት ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ በሁለቱም ዓይን 0.75 ሲቀነስ። ፕሪዝሙ በድምሩ 3 ነው፤ ለሁለቱ ሌንሶች 1.5፣ 1.5 ሆኖ ተከፍሏል። አንድ መነጽር ቤት አሠርቼ ወደ ደሴ ተመለስኩ። ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ወለሉ ወደ ፊት ዳገት ሆኖ ይታየኛል፤ ደረጃ ስወጣ እግሬን ቀድሜ አነሣለሁ። ከቀትር በኋላ ጭንቅላቴን ይወጋኛል። ሐኪሙ «እስከ ሁለት ሳምንት ልትቸገሪ ትችያለሽ» ብሎኛል፤ መታገሥ እችላለሁ። የፈራሁት፣ መነጽሩ ራሱ ተበላሽቶ የተሠራ ቢሆን በከንቱ እንዳልታገሥ ነው። ልዩነቱን በምን አውቀዋለሁ?

ተስፋ ከአዳማ | ጥቅምት 12፣ ከምሽቱ 3፡02

አይዞሽ እህቴ። እኔ ፕሪዝም ማድረግ ከጀመርኩ ሦስት ዓመቴ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት መሬቱ እየሸሸኝ ነበር፤ በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ተነሥቼ ስሄድ ችግሩ እንደሌለ አስተዋልኩ። ጠዋት ከአልጋሽ እንደተነሣሽ አድርጊው፣ እስከ ማታ አታውልቂው። አንድ ሰዓት አድርገሽ አንድ ሰዓት የምታወልቂ ከሆነ አእምሮሽ የትኛውን እንደሚለምድ ግራ ይገባዋል።

የሌሊት አሽከርካሪ ከቨርጂኒያ | ጥቅምት 12፣ ከምሽቱ 5፡40

የእኔ ከአንቺ ይለያል፤ ግን ለሚያነብ ሁሉ ይጠቅማል ብዬ ልጻፈው።

እዚህ አሜሪካ ታክሲ እነዳለሁ። ስኳር በሽታ አለብኝ። ባለፈው ዓመት አንድ ሌሊት ከአውሮፕላን ጣቢያ ስመለስ የፊት ለፊቱ መኪና ኋላ መብራት አራት ሆነ፤ ጎን ለጎን። መኪናዬን ዳር ይዤ አቆምኩና አንድ ዓይኔን ሸፈንኩ፤ ሁለት ሆነ። ወደ ግራ ስመለከት ይሰፋል፣ ወደ ቀኝ ስመለከት ይጠባል። ሆስፒታል ስሄድ የግራ ዓይኔን ወደ ውጭ የሚስበው ጡንቻ ነርቭ፣ ስድስተኛው የሚሉት፣ እንደደከመ ነገሩኝ። ስኳርና ደም ግፊት ያመጡታል አሉ። ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ በራሱ ይመለሳል ተብሎ መነጽር አልተሠራልኝም፤ በነበረኝ መነጽር ግራ ሌንስ ላይ ስስ ላስቲክ መሳይ ነገር ለጠፉልኝ። ቀረብ ብለሽ ስታዪው እንደታረሰ ማሳ ትልም በትልም ነው። ፍሬኔል ይባላል። ስሙ ለባሕር ዳርቻ መብራት ቤቶች ሌንስ ከሠራው ከፈረንሳዊው መሐንዲስ የመጣ ነው፤ የእሱ ሌንስ መጀመሪያ የበራው በ1823 ኮርዱዋን በሚባለው መብራት ቤት ነው። ወፍራሙን ብርጭቆ ወደ ትንንሽ ትልሞች የመከፋፈልን ሐሳብ መብራት ቤት ላይ ያዋለው እሱ ነው። ያ ሐሳብ ዛሬ እኔ ዓይን ላይ መድረሱ ይገርመኛል።

ተለጣፊው እይታን ትንሽ ያደበዝዛል፤ ማታ መብራት ይበታትናል። ሁለቱን መብራት አንድ አደረገልኝ ግን። ነርቩ ሲሻሻል በደካማው እየቀየሩ በአራተኛው ወር አነሡት። በእነዚያ ወራት መሪ አልያዝኩም። ኑሮ ከብዶኝ ነበር፤ ቢሆንም ሁለት እያየሁ ሰው ጭኜ አልሄድም።

አንድ ነገር በብርቱ ልናገር። ሁለት ማየት በድንገት ከጀመራችሁ፣ በተለይ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ቆብ መውረድ፣ የአንዱ ዓይን ብሌን መስፋት፣ የንግግር መንተባተብ ወይም የእጅ እግር መዛል ከታከለበት፣ መነጽር ቤት ሳይሆን በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው።

ዓለሙ | ጥቅምት 13፣ ከጠዋቱ 1፡20

እኔ የምመክርሽ ተቃራኒውን ነው፤ ለአንቺ በማሰብ ነው። ፕሪዝም ዓይንን ያሰንፋል። አንድ ዘመዴ በ2 ጀምሮ ዛሬ 6 ደርሷል። እኔ የእርሳስ ጫፍ እያየሁ ወደ አፍንጫዬ እያቀረብኩ በልምምድ ነው የዳንኩት። ልምምዱን ሳትሞክሪ መነጽር ላይ አትንጠልጠይ።

ኦፕቶሜትሪስት ከጎንደር | ጥቅምት 13፣ ከቀኑ 7፡30

ለመምህርቷም ለአቶ ዓለሙም አንድ ላይ ልመልስ።

አቶ ዓለሙ የጠቀሱት ልምምድ እውነተኛ ሕክምና ነው፤ የሚሠራው ግን ለሌላ ችግር ነው። ቅርብ ሲያነቡ ሁለቱ ዓይኖች ወደ ውስጥ ለመገናኘት የሚያቅታቸው ሰዎች አሉ፤ ለእነሱ ልምምድ ብዙ ይጠቅማል፤ በባለሙያ ክትትል ሲሆን ደግሞ የበለጠ ይሠራል። ዓይኖቻችን ወደ ጎን ለመገናኘት ሰፊ ኃይል አላቸው። አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ሆኖ የመገናኘት ኃይላቸው ግን በጣም ጠባብ ነው፤ በልምምድም ብዙም አይሰፋም። የመምህርቷ ችግር ይህኛው ነው። ፕሪዝም ለብሰው ቁጥሩ የሚጨምርባቸው ሰዎች መኖራቸውም እውነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ዓይን ሲታገልበት የቆየው ተደብቆ የነበረ ልዩነት ቀስ ብሎ መውጣቱ ነው፤ ስለዚህም ክትትል ያስፈልጋል። መነጽሩ ጡንቻን አያሰንፍም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ፕሪዝም አንዱ ጠርዙ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን የሆነ ሌንስ ነው። ብርሃኑን ወደ ወፍራሙ ጠርዝ ያጥፈዋል፤ እኛ ደግሞ ምስሉን ወደ ቀጭኑ ጠርዝ ተዛውሮ እናየዋለን። 1 ፕሪዝም ማለት 1 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ነገር በ1 ሳንቲ ሜትር ተዛውሮ ይታያል ማለት ነው። አንቺ ዘንድ ቀኝ ዓይን ከፍ ስለሚል የቀኙ ምስል ዝቅ ብሎ ይታይሻል። ስለዚህ የቀኙ ሌንስ ወፍራሙ ጠርዝ ወደ ታች ሆኖ ምስሉን ከፍ ያደርገዋል፤ የግራው ወፍራሙ ጠርዝ ወደ ላይ ሆኖ ምስሉን ዝቅ ያደርገዋል፤ መሐል መንገድ ላይ ይገናኛሉ። 3 የሚሆነው ሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚደመሩ ነው። መነጽሩ ዓይንሽን አላቀናውም፤ የምታዪውን ዓለም ዓይንሽ ወዳለበት አመጣልሽ እንጂ።

አንድ ነገር ሳትነግሪን ቀርተሻል፤ ለእኔ ዋናው እሱ ነው። መነጽሩን አድርገሽ ሁለት ማየቱ ቆሟል ወይ? የወለሉ ዳገትነት፣ የደረጃው መሸሽ፣ የመጀመሪያ ቀናት ራስ ምታት ጊዜ ይፈልጋሉ፤ ለእነሱ ሁለት ሳምንት ስጪያቸው። ሁለት ማየት ግን ትክክለኛው ፕሪዝም ዓይን ላይ ከተደረገ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን፣ ብዙውን ጊዜም በዚያው ደቂቃ መቀነስ አለበት።

የሊያ እናት ከሐዋሳ | ጥቅምት 13፣ ከምሽቱ 1፡45

የመምህርቷን የፎቶ ነገር ሳነብ እንባዬ መጣ። ልጄ በሦስት ዓመቷ ግራ ዓይኗ ወደ ውስጥ መዞር ጀመረ። ጎረቤት «ሲያድጉ ይተዋቸዋል» አለን፤ አንድ ዓመት ሙሉ ጠበቅን። የማይገባ መጠበቅ ነበር። በኋላ ስትታይ ቅርብም ሩቅም ለማጥራት ዓይኗ ከመጠን በላይ ስለሚጨነቅ ነው የሚዞረው ተባለ። ፕሪዝም ሳይሆን ሲደመር 5 መነጽር ታዘዘላት። በሁለተኛው ሳምንት መነጽሩን አድርጋ ዓይኖቿ ቀጥ ብለው አየኋቸው። ስታወልቀው ይዞራል፣ ስታደርገው ይቃናል። የደከመው ዓይን እንዲሠራ በቀን 2 ሰዓት ጤነኛውን እንሸፍንላታለን።

እናቶች የምታነቡ ካላችሁ፦ የሚዞር ዓይን አይጠበቅም። ልጅ አንዱን ዓይን መጠቀም ካቆመ አእምሮ ያን ዓይን ይረሳዋል፤ በትንሽነቱ ካልታከመ መመለሱ እየከበደ ይሄዳል። «ሸውራራ» የሚለውን ቃልም ከልጆች ፊት እናንሣው። ሊያ ትርጉሙን ሳታውቅ ነው ያለቀሰችበት።

መምህርት ከደሴ | ጥቅምት 14፣ ከምሽቱ 2፡50

የጎንደሩ ወንድሜ፣ ጥያቄህን አንብቤ ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ዛሬ ማታ መብራት አጥፍቼ ሻማ ለኮስኩ፤ ከአልጋዬ ጫፍ እስከ ጠረጴዛው ድረስ ሦስት ሜትር ይሆናል። ያለ መነጽር ሁለት ነበልባል። በመነጽሩም ሁለት ነበልባል። ሁለቱ ትንሽ ከፍ ብለዋል እንጂ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ያው ነው። አንድ ጣት ያህል አልቀነሰም። ለአምስት ቀናት ስለ ወለሉ ብቻ ሳስብ ዋናውን ሳላየው መቆየቴ አሳዘነኝ።

ሌንስ ፈጪ | ጥቅምት 14፣ ከምሽቱ 4፡10

መምህርት፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ አዲስ አበባ ውስጥ መነጽር ቤት ጓዳ ሌንስ ስፈጭና ስገጥም 19 ዓመቴ ነው። «ሁለቱም ከፍ ብለዋል፣ ክፍተቱ ግን ያው ነው» ያሉት ቃል ከወንበሬ አስነሣኝ። ቤትዎ ሆነው ሊፈትኑት ስለሚችሉ በጥሞና ያንብቡኝ።

መነጽሩን አድርገው መስታወት ፊት ይቁሙ፤ ሌላ ሰው በብሌንዎ ትይዩ በሁለቱም ሌንስ ላይ በሚጠፋ እስክሪብቶ ትንሽ ነጥብ ያድርግልዎ። ከዚያ ያውልቁት። ጋድሞ የተዘረጋ ረጅም መስመር ይፈልጉ፤ የመስኮት ደፍ፣ የጥቁር ሰሌዳ የታችኛው ጠርዝ። አንድ ዓይንዎን ጨፍነው መነጽሩን በክንድዎ ርዝመት ወደ ፊት ዘርግተው ይያዙት፤ ሳያዘነብሉ። በቀኙ ነጥብ በኩል መስመሩን ይመልከቱ። ፕሪዝም ካለበት በሌንሱ ውስጥ የሚታየው መስመር ከሌንሱ ውጭ ካለው ጋር አይገጥምም፤ ተቆርጦ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ቀጥሎ በግራው ነጥብ በኩል ይመልከቱ። በቀኙ ወደ ላይ፣ በግራው ወደ ታች ከዘለለ መነጽሩ እንደ ማዘዣው ነው። ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ከዘለሉ እጅ ስቷል።

ነጥቡን ያስደረግኩዎ ያለ ምክንያት አይደለም። ማንኛውም ቁጥር ያለው ሌንስ ከመሐሉ ወጣ ብለው ካዩበት በራሱ ፕሪዝም ይፈጥራል፤ የሌንሱን ቁጥር ከመሐል በራቁበት ሳንቲ ሜትር ማባዛት ነው። 4 ቁጥር ሌንስ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ተስቶ ከተገጠመ ያልታዘዘ 2 ፕሪዝም ለደንበኛው ሰጠነው ማለት ነው። የእርስዎ ቁጥር ትንሽ ስለሆነ በዚህ በኩል አይሳሳቱም። ከባድ ቁጥር ያላቸው አንባቢዎች ግን በሁለቱ ብሌኖቻቸው መካከል ያለው ርቀት በሚሊ ሜትር ተለክቶ መጻፉን ሳያዩ ክፍያ አይክፈሉ።

መምህርት ከደሴ | ጥቅምት 15፣ ከቀኑ 10፡35

ተማሪዎቹ ከወጡ በኋላ በሩን ዘግቼ ሞከርኩት። ነጥቡን ያደረገችልኝ የባዮሎጂ መምህርቷ ናት። ከክፍሉ መጨረሻ ወንበር ላይ ሆኜ የጥቁር ሰሌዳውን የታችኛውን ጠርዝ፣ ጠመኔ የሚቀመጥበትን እንጨት አየሁት። በቀኙ ነጥብ በኩል እንጨቱ ተቆርጦ ወደ ላይ ዘለለ፤ ልክ በቢላዋ ተከፍሎ ከፍ ብሎ የተቀጠለ ይመስላል። በግራው ነጥብ በኩልም ወደ ላይ። አምስት ጊዜ ደጋግሜ አየሁት። ባልደረባዬም ያዘችና አየች። ሁለቱም ወደ ላይ ነው።

ሌንስ ፈጪ | ጥቅምት 15፣ ከምሽቱ 1፡05

እንግዲህ የግራው ሌንስ ተገልብጧል። በሁለቱም ወፍራሙ ጠርዝ ወደ ታች ነው የተገጠመው። ማዘዣው ላይ ለቀኝ «ታች»፣ ለግራ «ላይ» ተብሎ ይጻፋል፤ የቸኮለ ሰው የመጀመሪያውን አንብቦ ለሁለቱም ይሠራዋል። እኔም በሥራ ዘመኔ አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ፤ ደንበኛው ወር ሙሉ ተሠቃይቶ ነው የተመለሰው፤ ዛሬም ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ ሌንስ ከመፍጨቴ በፊት አቅጣጫውን በቀይ ቀለም ሌንሱ ላይ እጽፋለሁ፤ ካለቀም በኋላ በመለኪያ መሣሪያው አይቼ ነው የማስረክበው።

የቀኙ ሌንስ ልክ ነው፤ የሚቀየረው የግራው ብቻ ነው። ፍሬምዎ ፍጹም ክብ ቢሆን ኖሮ እንደ እርስዎ ላለው ትንሽ ቁጥር ሌንሱን አውጥቶ ግማሽ ዙር ማዞር በበቃ ነበር። ማዕዘን ካለው ግን አዲስ መፈጨት አለበት። በራስዎ ምርመራ ብቻ አይሂዱ፤ እዚያው ደሴ መለኪያ መሣሪያ ያለው ባለሙያ ዘንድ ሄደው ያስለኩትና ውጤቱን በጽሑፍ ያስይዙ። ለመነጽር ቤቱ ክርክር ሳይሆን ቁጥር ይዘው ይቅረቡ።

ኦፕቶሜትሪስት ከጎንደር | ጥቅምት 15፣ ከምሽቱ 2፡20

ሁሉም ነገር አሁን ገጠመ። ሁለቱም ሌንሶች ምስሉን እኩል ወደ ላይ ስለወሰዱት በዓይኖችሽ መካከል ያለው ልዩነት አልተነካም፤ ዓለሙ በሙሉ ግን ከፍ አለ። ወለሉ ዳገት የሆነብሽ፣ እግርሽን ቀድመሽ የምታነሺው ለዚህ ነው። እስኪስተካከል ድረስ ይህን መነጽር አታድርጊው። ፈተና ለማረም አንዱን ዓይን በጨርቅ መሸፈን ትችያለሽ፤ ለጊዜው ነው፣ ጉዳት የለውም። ደረጃ ላይ ግን አንድ ዓይን ብቻውን ጥልቀትን በደንብ ስለማይለካ ድጋፍ ያዢ።

ዓለሙ | ጥቅምት 15፣ ከምሽቱ 3፡00

ከትናንት ወዲያ የጻፍኩት ለአንቺ ችግር የማይሆን ምክር እንደነበር ተረድቻለሁ። ዘመዴንም ነገ ደውዬ ምን ዓይነት እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። እግዚአብሔር ይርዳሽ።

ሰላማዊት | ጥቅምት 16፣ ከጠዋቱ 3፡15

ይቅርታ፣ ከጉዳዩ ትንሽ ልውጣ። እኔ ፕሪዝሙ ረድቶኛል፤ ግን የመስኮት ብረትና የፊደል ጠርዝ ላይ ሰማያዊና ብርቱካን ጥላ አያለሁ። ይህም የመነጽሩ ስህተት ነው?

ሌንስ ፈጪ | ጥቅምት 16፣ ከምሽቱ 1፡30

ስህተት አይደለም። ፕሪዝም ብርሃንን ሲያጥፍ ቀለማቱንም ይለያያል፤ ዝናብ ቀስተ ደመና እንደሚሠራው ነው። መጠኑ ግን በሌንሱ ቁስ ይወሰናል። ቀለም ለመበተን አለመቸኮልን የሚለካ አቤ የሚባል ቁጥር አለ፤ ከፍ ሲል ይሻላል። ተራው ፕላስቲክ ሌንስ 58 ነው፤ የማይሰበር እየተባለ የሚሸጠው ፖሊካርቦኔት 30 ብቻ ነው። ሻጮች ፕሪዝም ለታዘዘለት ሰው ስስና ቀላል ነው ብለው ፖሊካርቦኔት ሲያቀርቡ አዝናለሁ፤ ለሕፃንና አደጋ ላለበት ሥራ ጥሩ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ለሚያነብ አዋቂ ግን ተራው ፕላስቲክ ትንሽ ቢወፍርም ዓይን ያሳርፋል። ፍሬሙን ትንሽ ካደረጉት ውፍረቱም ይቀንሳል።

መምህርት ከደሴ | ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 2፡00

ዝም ያልኩት መልሱን ይዤ ለመመለስ ነው።

ጥቅምት 17 እዚሁ ደሴ አንድ ወጣት ባለሙያ መነጽሩን በመሣሪያው ለካልኝ። በሁለቱም 1.5፣ ወፍራሙ ጠርዝ በሁለቱም ወደ ታች። ወረቀት ላይ ጽፎ ማኅተም አደረገበት። ወረቀቱን ከመነጽሩ ጋር በአውቶቡስ ለእኅቴ ላክሁ፤ እሷ ይዛው ሄደች። መነጽር ቤቱ ወረቀቱን ካየ በኋላ አልተከራከረም፤ የግራውን ሌንስ ያለ ክፍያ ሠራ። በስምንተኛው ቀን እጄ ገባ።

የተመለሰውን መነጽር ማታ ነው ያደረግኩት። ሻማውን ለኮስኩና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሁለቱ ነበልባሎች ለአፍታ ተያዩ፤ ከዚያ የላይኛው ወረደ፣ የታችኛው ወጣ፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ ገባ። አንድ ነበልባል። ሻማው እስኪያልቅ አየሁት።

ከዚያ በኋላም መልመድ አስፈልጎኛል፤ ለሚከተሉኝ በግልጽ ልንገራቸው። በመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ወደ ጎን ቶሎ ስዞር ያቅለሸልሸኝ ነበር። ወለሉ ደህና ነው፤ ወደ ላይ ስመለከት ግን የጣሪያው ማዕዘን ትንሽ ጠመም ይልብኛል፤ ይህኛው ገና አልተወኝም። በጣም ወደ ታች ሳይ፣ ጫማዬን ሳስር ለምሳሌ፣ ዛሬም ይደረብብኛል። ሐኪሙን በስልክ ስጠይቀው ጡንቻው የሚደክመው በዚያ አቅጣጫ ስለሆነ አንድ ቁጥር ለሁሉም አቅጣጫ እኩል እንደማይሆን፣ የምስሉን መዘንበልም ፕሪዝም እንደማያቀናው ነገረኝ። እየባሰ ከሄደ ቀዶ ሕክምና መኖሩን፣ አሁን ግን እንደማያስፈልገኝ አክሎልኛል። ሳነብ ዓይኔን ከማውረድ ይልቅ ወረቀቱን ከፍ አድርጌ መያዝ ለመድኩ። አንድ መጽሐፍ ማስቀመጫ አናጢ አሠርቼ ፈተናውን በእሱ ላይ አቁሜ ነው የማርመው፤ የአንገቴ ሕመም ቀንሷል።

በስድስተኛው ቀን ቡና አፈላሁ። እናቴ ሲኒዎቹን ደረደረች፤ ስድስት ነበሩ። ጀበናውን ከፍ አድርጌ ቀዳሁ። አንድም ጠብታ ረከቦቱ ላይ አልወደቀም። እናቴ ምንም አላለችም፤ እጄን ይዛ ሳመችው።

ተስፋ ከአዳማ | ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 2፡40

እልል ብያለሁ! እኔም ምክሬን ላርም፤ «ታገሺ» ከማለቴ በፊት «ሁለት ማየቱ ቆሟል ወይ?» ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ።

ሌንስ ፈጪ | ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 3፡25

እንኳን ደስ ያለዎት መምህርት። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፤ አዲሱን ሌንስ በሰሌዳው ላይ አዩት? ሌላ ሰው ሠርቶ የላከውን ሳላይ እንቅልፍ አይወስደኝም።

መምህርት ከደሴ | ኅዳር 10፣ ከቀኑ 10፡20

አሁን ከክፍል ወጣሁ። እዚያው የመጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ያንኑ እንጨት አየሁት። በቀኙ ወደ ላይ፣ በግራው ወደ ታች።